የወጡት ሁሉ ገቡ?

ማክሰኞ ማክሰኞ አውሮፕላን አያለሁ። የሰፈሬ የሮቫ ዛይን ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ! እኔ እነሱ ጀልባ ማቆሚያው፣ ማሪና ወርደው ቀኑን ሙሉ የሰው ጀልባ ሲያዩ ሲውሉ ስቄባቸው አላውቅም። ጀልባ ደግሞ ምን ይታይበታል? ታስሮ የሚውል ነገር። አውሮፕላን ግን ይነሳል። ያን የሚያህል ብረት ከመሬት ተላቆ ሲነሳ አይቶ «ተመስገን» የማይል ሰው ካለ፣ እኔ ጤነኛ ነው አልልም።

ሙላት እባላለሁ። አሽዶድ ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሳ ሳወርድ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ወደዚህ አገር የመጣነው በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እዚህ ዘጠና አንድ በሚሉት ዓመት፣ ከአዲስ አበባ፣ በዚያ ወንበሩ ተነቅሎ ሰው ወለሉ ላይ በተቀመጠበት አውሮፕላን። አባቴን በጀርባዬ አዝዬ፣ የኋላው ሰው እየገፋኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ያን ሁሉ ነፍስ ተሸክሞ ያመጣንን ነገር መልኩን አላየሁትም። ክንፉ እንዴት ነበር? ጭራው ምን ቀለም ነበር? ብትጠይቁኝ አላውቅም። ይህ ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ኖረ። ውለታ የዋለልኝን ፊቱን ሳላይ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሳልለው የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። ጡረታ ስወጣ ታዲያ፣ ያኛውን ባላገኘው ዘመዶቹን ልይ አልኩ።

ትልቁ ኤርፖርት ሩቅ ነው፤ ደግሞም የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አጥር ሥር የሚቆም ሽማግሌ እዚያ አይወደድም። ከአሽዶድ በአውቶቡስ ወጣ ብሎ ግን አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ አለች። አንድ መንደርደሪያ፣ ሁለት የቆርቆሮ መጋዘን፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳይ ከረጢት የተሰቀለበት ዘንግ፤ በቃ። የሚነሱትም ትንንሾች ናቸው። የመብረር ትምህርት የሚማሩ ልጆች የሚነዷቸው ባለ አንድ ሞተሮች፣ አንዳንዴም እርሻ ላይ መድኃኒት የምትረጭ አንዲት ጩኸታም። ለእኔ ይበቁኛል።

ሚስቴን ተናኜን ልንገራችሁ። ከሜዳው ስመለስ በር ላይ ታቆመኛለች። «የወጡት ሁሉ ገቡ?» ትለኛለች። የበረት በር ዘግቶ የመጣ ሰው እንደሚጠየቀው ማለት ነው። «ገብተዋል» ካላልኳት ምሳ የለም። አንድ ቀን ርቦኝ አንዷ ሳትመለስ ብመጣ፣ «ሂድና ጠብቃት» ብላ መልሳኛለች። በእግዜር አልዋሸኋችሁም፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ተመለስኩ!

ምክንያት አላት። ያኔ የመጣን ጊዜ እናቷና እህቷ እናኑ ከእኛ ኋላ በሚመጣው አውሮፕላን ነበሩ። ሰው ሁሉ ወርዶ ወደ አውቶቡስ ሲገባ ተናኜ አሁን ሆዲያ የምንላትን ሕፃን እንዳቀፈች ሜዳው ላይ ቆመች። «የወጡት ሁሉ ካልገቡ ንቅንቅ አልልም!» አለች። ለመኗት፤ ወይ ፍንክች። ተቆጧት፤ እሷ ብሳ ተቆጣች። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እግር ወታደር መጣችና ምንም ሳትናገር ውሃ ሰጥታት አጠገቧ ቆመች። ቋንቋ አይግባቡ፣ ስም አይተዋወቁ። እናቷና እናኑ ከደረጃው ሲወርዱ እስክታይ ድረስ አብራት ቆመች። ተናኜ እስከ ዛሬ ያችን ልጅ ሳትመርቅ ውላ አታውቅም።

እንግዲህ የዚህች ሴት ልብ ነው የታመመው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ ልቧ ውስጥ ደሙን የሚያሳልፈው በር አልገጥም ብሏል፤ ደረቷን ከፍተን ሌላ እንተካለን አለ። ደግሞ ልቧ ደክሟል፣ ላትነቃም ትችላለች፣ ማወቅ አለባችሁ አለን። እኔ ያን ቀን ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ሆዲያ ናት እጄን ይዛ ያወጣችኝ። ኒቱዋሑ፣ ቀዶ ጥገናው ማለት ነው፣ ማክሰኞ ዋለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁላችንም ሆስፒታል ነን። እኔ ነርሷን «እጅሽን ታጥበሻል?» አልኳት። ሐኪሙን «ሌሊቱን ደህና ተኝተሃል?» አልኩት። ምን አጠፋሁ? ሰው ምጣድ ሊጠግን እንኳ ሲመጣ ይጠየቃል። ተናኜ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማችኝ።

«ሙላት» አለች፣ «ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድና አውሮፕላንህን እይ።»

«አብደሻል እንዴ ተናኜ!»

«አንተ እዚህ ከዋልህ ሐኪሙን አስበርግገህ ነው የምትገለኝ። ሂድ። በኋላ እጠይቅሃለሁ።» ከዚያ የጨርቅ ቦርሳዋን አነሳችና ዘረጋችልኝ። «ይህንም ያዝ፣ አደራ።»

እኔ ተናድጃለሁ። ሚስቴ ልትቀደድ ነው፣ እሷ ታባርረኛለች! ቦርሳውን መንጭቄ ስልኬንም እላዩ ላይ ወርውሬ ለሆዲያ አሸከምኳትና ወጣሁ። ደረጃው ሥር ስደርስ ነው ንዴት አለመሆኑን ያወቅሁት። ፍርሃት ነው። አውቶቡስ ጠበቅሁ።

ሜዳው ላይ ጋድ አለ። ጋድ ለአውሮፕላኖቹ ነዳጅ የሚቀዳ ሰውዬ ነው፤ እንደኔው ጸጉሩ የሸበተ፣ እንደኔው ቁጡ። ሁልጊዜ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ሆነን በዕብራይስጥ እንሰዳደባለን፤ ሌላ ወዳጅነት አላውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ጊዜ አየኝና ስድቡን ዋጠው።

«ሙላት፣ ምን ሆነሃል?»

«ሚስቴን ልቧን እየከፈቷት ነው» አልኩት።

ሌላ አልጠየቀኝም። የአጥሩን በር ከፍቶ አስገባኝ፣ መጋዘኑ ጥላ ሥር ወንበር አወጣልኝ፣ ውሃ አቀረበልኝ። «ዛሬ ውጭ አትቆምም» አለኝ። እግዜር ይስጠው፤ ያ ወንበር ባይኖር ያን ቀን ወድቄ ነበር የምገኘው።

ነጯ አውሮፕላን ወጣች፣ ገባች። ጩኸታሟ ወጣች፣ ገባች። ከዚያ አንዲት ቢጫ ተነሳች። የምትነዳት ተማሪ ናት፣ ያለ አስተማሪ ብቻዋን ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ወደ ባሕሩ ሄዳ ትመለሳለች አለኝ ጋድ። እኔ ታዲያ በልቤ ሁለቱን አንድ ላይ አሰርኳቸው። ይቺ ከገባች ያችም ትገባለች አልኩ። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። እስቲ እናንተ የሚስታችሁ ደረት ተከፍቶ ወንበር ላይ ተቀመጡና ብልህ ሁኑ!

ቢጫዋ ቆየች። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ተነሳ፤ የዘንጉ ከረጢት ተገትሮ ይንቀጠቀጣል። መነጽሬን ወደ ሰማይ አድርጌ ፈለግኋት፤ የለችም። ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ወደ መንገዱ ዝቅ ሳደርግ የወንዳለን መኪና አየሁ።

ወንዳለ ጎረቤታችን ነው። ሠራተኛ የሚያመላልስበት ሰፊ መኪና አለው። የእኛ ሰው መርዶ ሊነግር ሲሄድ የሚሳፈረው በዚያ መኪና ነው። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውዬውን ቁጭ አድርጎ ነው የሚያረዳው። እኔ ራሴ በዚያ መኪና ስንቱን ሄጄ አርድቻለሁ። በሮቫ ዛይን የወንዳለ መኪና ሳይጠራ በር ላይ ከቆመ ሴቶች ገና ሳይነገራቸው ይጮኻሉ።

መኪናው አጥሩ ጋ ቆመ። መጀመሪያ ቄሳችን፣ ቄስ ዘገዬ ወረዱ፣ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ጥላቸውን ይዘው። ቀጥላ የሚስቴ እህት እናኑ። ቀጥላ ልጄ ሆዲያ። መነጽሬን አስተካከልኩ። በሱ የአውሮፕላን ጭራ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነበር የማነበው፤ ያን ጊዜ የነጠላቸውን ጥለት አነበብኩበት። ጥለቱ ወደ ላይ ነው፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ አፋቸውን ሸፍኗል። የለቅሶ አለባበስ! የሆዲያ ዓይን ደም መስሏል።

«ጋድ፣ አታስገባቸው» አልኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ጋድ ደግሞ ዘመዶቹ መጡ ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።

ቄስ ዘገዬ ቀስ ብለው መጡ። «እንደምን ዋልህ ሙላት?» አሉ።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ሰውነትህ እንደምን ነው? እስቲ ቁጭ በል ልጄ።»

ቁጭ በል! መርዶ የሚጀመርበት ቃል ይኸው ነው። ወደ ኋላ ሸሸሁ። «አልቀመጥም!»

«እሺ፣ እንደ ወደድህ። ሁሉ ነገር ከእግዚአብሔር ነው፤ የሚሰጥ እሱ፣ የሚነሳ እሱ፤ ስሙ...»

«አይጨርሱት!» ብዬ ጮህኩ። ወፍ ከቆርቆሮው ላይ በረረ። «በሰማይ አምላክ ይዣችኋለሁ፣ በኦሪት ይዣችኋለሁ! ያቺ ቢጫ አውሮፕላን ተመልሳ መሬት እስክትነካ ድረስ ከናንተ ስለ ተናኜ አንዲት ቃል ለኔ የሚተነፍስ ቢኖር፣ ግዝት ነው!»

ቄስ ዘገዬ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ግዝት ቀልድ አይደለም። ከጎንደር ይዘነው ከመጣነው ሁሉ ስንቱን ጣልነው፣ ስንቱን ረሳነው፤ በእግዚአብሔር ስም የተያዘ ሰው ግን ግዝቱ እስኪፈታለት የተያዘበትን አያፈርስም። ቄስ ሲሆኑማ የባሰ። በእጃቸው «አንሳው፣ አንሳው» አሉኝ። «አላነሳም!» አልኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ካልነገሩኝ ተናኜ አልሞተችም። ቢጫዋ እስክትገባ ድረስ ሚስት አለችኝ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ።

ከኋላዬ እናኑ ስትንሰቀሰቅ ሰማሁ። ሆዲያ እግሯን መሬት ላይ እንደ ሕፃን ትመታለች። ወንዳለ ደግሞ፣ ልብ አድርጉ፣ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማል! ቀጭ፣ ቀጭ። የሰው ቤት ፈርሶ ይህ ሰው ፍሬ ይበላል እንዴ ብዬ ዘወር ስል ጭራሽ ይስቃል! «ወንዳለ፣ ይህን ቀን አልረሳልህም» አልኩት። አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይናጣል። ሰው እንዲህ ይከፋል ወይ አልኩ።

ሰማዩን አየሁ፤ ባዶ ነው። ተናኜ ቢጫዋን እየጠበቀች አብራኝ የቆመች መሰለኝ። «እኔ እኮ ስድብሽን ነው የምፈልገው» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለማን እንደምናገር እንኳ ሳላውቅ። «ምሳም ይቅርብኝ።»

ያን ጊዜ ቄስ ዘገዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ጉዳዩ ለኔ መናገር አይችሉም፤ ስለ ሌላ ግን ማን ከለከላቸው? «ሆዲያ ልጄ» አሉ፣ «ያ ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ ስሙ ማን ነው?»

«ጋድ» አለች ሆዲያ።

«መልካም። ጋድ አልተገዘተም።»

የሆዲያ ኮቴ ሲሮጥ ሰማሁ። በዕብራይስጥ ስትንጫጫ ሰማሁ። ቀጥሎ ጋድ ያን ከባድ ሰውነቱን ይዞ እየሮጠ መጣና ትከሻዬን በሁለት እጁ ያዘ፤ እጁ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል።

«ሙላት! ኒቱዋሑ አልቋል! ሚስትህ ነቅታለች! ውሃ ጠይቃለች፣ አንተን ጠይቃለች!»

«ማን? የኔዋ?»

«ስንት ሚስት አለህ አንተ አህያ!»

ወንበሩ ላይ ነው የወደቅሁት ወይስ ጋድ ላይ፣ አላውቀውም። አለቀስኩ። በሰው ፊት፣ በነጭ ሪዜ፣ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ጋድም አብሮኝ አለቀሰ፤ ተናኜን አይቷት እንኳ አያውቅም! እኔ በአማርኛ «ምሥር ብላ፣ ምሥር ብላ!» እለዋለሁ፤ የምሥራች ለነገረ ሰው የሚባለውን ማለቴ ነው። እሱ ምን እንደምለው አያውቅም፤ ብቻ «አሜን» ይላል። በኋላ ተናኜ ድና ስትነሳ እውነተኛ የምስር ወጥ ሠርታ ልካለታለች፤ አሁን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር «የታለ?» ይለኛል።

ግዝቱን አነሳሁላቸው። ወይ ጉድ! ሁሉም በአንድ አፍ ተንጫጩ። ቀዶ ጥገናው ሐኪሙ ካሰበው ቀድሞ አልቆ፣ ተናኜ ነቅታ «ሙላትን አምጡልኝ» ብላለች። ስልኬ ቦርሳው ውስጥ ሆዲያ እጅ ነው ያለው። ወንድ ልጄ ኮቢ እዚያው ሊጠብቃት ቀረ። ቄስ ዘገዬና እናኑ ደግሞ ከጸሎት ቤት ሲጸልዩላት ውለው በወንዳለ መኪና ሆስፒታል መድረሳቸው ነበር፤ የምሥራቹን እኔ ልንገረው፣ እኔ ልንገረው ተባብለው ሁሉም ተሳፈሩ።

«ነጠላውስ? ጥለቱስ?» አልኩ።

«ነፋሱን አታየውም? አሸዋው ዓይናችንን አጠፋን እኮ!» አለች እናኑ። «ይልቅ ስንት ጊዜ ልነግርህ እንደነበር! ልፈነዳ ነበር!»

«ቄስ፣ እርስዎስ?» አልኳቸው። «የሚነሳ እሱ ምናምን ምን አመጣው?»

«ከምሥራች በፊት እግዚአብሔር ይመሰገናል» አሉ ቆጣ ብለው። «‹ስሙ ይባረክ፤ ተናኜን ሰጠን› ልል ነበር። አንተ መቼ ታስጨርሳለህ?»

ወንዳለን ይቅርታ ጠየቅሁት። የሱፍ ፍሬውን ዘረጋልኝ።

ሆዲያ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ጎተተችኝ። «ና አባዬ፣ ትጠብቅሃለች!»

«አልሄድም» አልኩ።

«ምን?»

«ቢጫዋ አልገባችም። እናትሽ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

ሆዲያ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቤ ቆመች። እናኑ ቆመች። ቄስ ዘገዬ ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጋድ በራዲዮ ጠየቀልንና ነፋሱ እስኪበርድ ባሕሩ ላይ እንድትዞር ነግረዋታል፣ እየመጣች ነው አለ። ሁላችንም አንጋጠን ቆምን። ስሟን የማናውቃትን የሰው ልጅ ጠበቅን። ስንት ዘመን ሙሉ የምትመረቀውን ያችን ወታደር አስታወስኩ፤ ለካ እንዲህ ነበር የቆመችው።

ቢጫዋ ከባሕሩ በኩል ብቅ አለች። ክንፏ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ዘመም አለ። ጎማዋ መሬት ነካ፣ ነጠር አለች፣ ደግማ ነካች፣ ተንደረደረችና ቆመች። እናኑ እልልታዋን አቀለጠችው። ሆዲያም በእልልታ ተከተለቻት። ተማሪዋ ከአውሮፕላኗ ወርዳ ስትመጣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ሲያለቅሱላትና ባለጥምጥም ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቋት አገኘች። «እናንተ እነማን ናችሁ?» አለች። ጋድ «የሙላት ቤተሰብ ናቸው» አላት። እሷም በዚያ ነፋስ ላይ ሆና ብቻዋን ፈርታ ነበር መሰለኝ፣ እናኑ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ አለች።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ሰው ብቻ ይገባል አሉ። ገባሁ። ተናኜ በቱቦ ተተብትባለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እንዲህ አምራብኝ አታውቅም። «እንኳን እግዜር ማረሽ» ልል አፌን ስከፍት ዓይኗን ገለጠችና ቀደመችኝ።

«የወጡት ሁሉ ገቡ?»

«ገቡ» አልኳት። «አንዷ ቆየች። ግን ጠበቅኋት፤ ገባች።»

ዓይኗን መልሳ ከደነች። የተኛች መሰለኝ።

«እንግዲያ ምሳህን ብላ» አለች። «ቦርሳው ውስጥ ነው።»

ሆዲያ በሩ ላይ ሆና ቦርሳውን አቀበለችኝ። የወረወርኩት ስልክ ከላይ ነበር። ከሥሩ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ራሷ የጋገረችው ድፎ ዳቦ። አጠገቡ ለብቻ በላስቲክ የታሰረ በርበሬ፣ እንደምወደው። ሰዎች ደረቷን ሊከፍቱ ነገ ሲሉ፣ ይቺ ሴት ማታ ጓዳ ገብታ የማክሰኞ ምሳዬን ቋጥራልኝ ነበር።

ወንበር ስቤ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩና ተመስገን ብዬ ቆረስኩ።